የክፍል አሥራ አራት ሞዴል ሠራተኛ

መሥሪያ ቤቱ መብራት ይቆጥብ የሚል ትእዛዝ ከበላይ ሲመጣ ሁሉም አጨበጨበ። ምድር ሞቃለች፣ ዝናቡም ወቅቱን ስቷል፣ እንግዲህ እኛም የድርሻችንን እንወጣ ተባለ። ይህን የሚቃወም ጤነኛ ሰው የለም። የመዝገብ ጠራዧም አጨበጨበች፣ ያውም ከፊት ወንበር ተቀምጣ።

በሳምንቱ በየክፍሉ ጣሪያ ላይ አንዲት ነጭ ክብ ነገር ተለጠፈች። ሠራተኛው «ዓይኑ» የሚል ስም አወጣላት። ዓይኑ የሚንቀሳቀስ ነገር ሲያይ መብራት ያበራል፤ ሦስት ደቂቃ ሙሉ የሚንቀሳቀስ ካጣ ደግሞ ክፍሉ ባዶ ነው ብሎ ያጠፋል። ደግ ነገር ነው። ችግሩ፣ ዓይኑን ለሠሩት ሰዎች ሥራ ማለት መወራጨት መስሏቸዋል።

የጠራዧ ሥራ ደግሞ አለመወራጨት ነው። ምድር ቤት፣ መስኮት በሌላት ክፍል አሥራ አራት ተቀምጣ አይጥ የበላቸውንና ዘመን የቀዳደዳቸውን የመሬት መዝገቦች ትጠግናለች። በዱቄት ሙጫ የራሰ ስስ ወረቀት በወረንጦ ታነሳና ትንፋሿን ውጣ ቅዳዱ ላይ ታሳርፋለች። የሚሠሩት ጣቶቿ ብቻ ናቸው፤ ጣት ደግሞ ለዓይኑ አይታየውም።

መጀመሪያ መብራቱ ድርግም ባለ ቁጥር እጇን እያወናጨፈች አበራችው። በአራተኛው ቀን ግን ወረንጦዋን እንደያዘች ጨለመባት፤ እጇን ስታወናጭፍ ክርኗ ገጹን መታና የአንድ ሰፈር ድንበር ከሁለት ተቀደደ። ሃያ ስድስት ዓመት ስትጠግን የኖረች ሴት በገዛ እጇ ቀደደች። ተቀምጣ አለቀሰች። እያለቀሰች ሳለም መብራቱ ጠፋባት።

በወሩ መጨረሻ ሌላ ደብዳቤ መጣ። ዓይኑ ለካ መዝጋቢም ኖሯል፤ በየክፍሉ ስንት ሰዓት ሰው እንዳየ ይጽፋል። በቀን ከአራት ሰዓት በታች ሰው የታየባቸው ክፍሎች ተዘግተው ሠራተኞቻቸው ከከተማ ውጭ ወዳለው መጋዘን ይዛወራሉ ተባለ፤ ለዚህም የአንድ ወር ጊዜ ተሰጠ። ጠራዧ ክው አለች። ቤቷ ከመሥሪያ ቤቱ ጀርባ ነው። ምሳ ሰዓት ሮጣ ሄዳ ዓይኖቿ ከጠፉ ሰባት ዓመት የሆናቸውን እናቷን የምታበላት፣ ምድጃውን አይታ የምትመለሰው በዚሁ ቅርበት ነው። መጋዘኑ ሁለት አውቶቡስ ይፈልጋል። እዚያ ከሄደች እናቷ ከንጋት እስከ ምሽት ብቻዋን ልትውል ነው።

ወደ ሥራ አስኪያጁ ወጣች። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ወረቀት የሚፈራ ሰው ነው እንጂ።

«እትዬ፣ እኔ እርስዎን አላጣኋችሁም» አላት፤ ሲደናገጥ አንዱን ሰው ብዙ ያደርጋል። «ግን ዓይኑ በቀን ሃምሳ ደቂቃ ነው የሚሠሩት ይላል።»

ከእሷ ክፍል አጠገብ ያሉት የደብዳቤ ክፍል ሁለት ሰዎች፣ ጠዋት የጀመሩትን የኳስ ወሬ በእጅም በእግርም እያሳዩ ማታ የሚጨርሱት፣ ሰባት ሰዓት ተኩል ተጽፎላቸዋል።

ቤት ገብታ ለእናቷ ነገረቻት። እናቷ ዝም ብላ አዝና የምታዳምጥ ሴት አይደለችም። ስታወራ እጇ አያርፍም፤ ወሬ ከመጀመሯ በፊት ብርጭቆውን ከአጠገቧ ማንሳት የቤቱ ሕግ ነው። ሰምታ ስትጨርስ እስኪያስላት ሳቀች።

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል? ቀበጧን ውሰጃት» አለች።

ቀበጧ የእናትየዋ ዶሮ ናት። ግቢውን ስትዞር ውላ ስትዞር ታመሻለች፤ እናትየዋ ቀኑ መንጋቱን የምታውቀው በእሷ ኩርኩርታ ነው። ጠራዧ አመነታች፣ ከዚያ መጋዘኑ ትዝ አላትና ዶሮዋን በዘንቢል ይዛ ገባች።

መብራቱ ቦግ እንዳለ ዋለ። ቀበጧ ወለሉን ስትጭር፣ መደርደሪያ ላይ ስትወጣ፣ ሙጫውን ስትለቅም ዓይኑ ዓይኑን ከእሷ ላይ አላነሳም። ሙጫው የዱቄት መሆኑን አለማሰቧ የጠራዧ ጥፋት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ለሁለት ታዘጋጅ ጀመር። በሦስተኛው ቀን እንቁላል ተገኘ፤ የተጣለውም «ልዩ ልዩ» የሚል ጽሑፍ ባለበት ፋይል ላይ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ አልታሰበም። ጥበቃው የሚገባ ዘንቢል አይነካም፤ የሚወጣውን ግን እስከ ታች ይበረብራል። ስለዚህ ቀበጧ እዚያው ማደር ግድ ሆነባት። ዶሮ ሲጨልም ትተኛለች፤ ክፍል አሥራ አራት ግን እሷ ስለምትዞር አይጨልም፣ ስለማይጨልም ደግሞ እሷ ትዞራለች። መብራት ለመቆጠብ የተለጠፈው ዓይን ምድር ቤቱን ሌት ተቀን እንደ ሠርግ ቤት አበራው።

ሪፖርቱ ሲወጣ ክፍል አሥራ አራት በቀን ሃያ አንድ ሰዓት ሠርታ አንደኛ ወጣች። እንግዲህ አንድ የበላይ ኃላፊ፣ ኧረ ሰው በቀን ሃያ አንድ ሰዓት እንዴት ይሠራል ብሎ መጠየቅ ነበረበት። ጠያቂ አልተገኘም፤ አመስጋኝ ግን ሞልቷል። ማመስገን ብቻ ቢሆን መልካም። የምስጋናው ደብዳቤ ቀጥሎ፣ የክፍል አሥራ አራት ሞዴል ሠራተኛ ልምድ እንዲያካፍል ከሰኞ ጀምሮ ወደ መጋዘኑ ተዛውሯል ይላል።

ጠራዧ ይህን ሰምታ ከወንበሯ ተነሳች። በስንፍና ልትላክ የነበረበት ቦታ በጉብዝና ልትላክ ነው። ሥራ አስኪያጁን እጁን ይዛ ወደ ምድር ቤት አወረደችው፣ በሩንም ከፈተችለት። ቀበጧ ጠረጴዛው ላይ ቆማ አየችው።

«ሃያ አንዱን ሰዓት የሠራችው እሷ ናት» አለችው።

ሰውየው ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። «ሪፖርቱ እኮ ወጥቷል፣ እትዬ» አለ፤ «ከበላይ አንብበውታል። ዶሮ ነበረች ብዬ ልጻፍ?»

«ደብዳቤው ስም ይጠራል?»

አወጣና ደግሞ አነበበው። ስም አይጠራም። ሁለቱም ዶሮዋን አዩ።

ሰኞ ጠዋት ቀበጧ በመሥሪያ ቤቱ መኪና፣ በካርቶን ውስጥ፣ ደብዳቤዋ ከላይ ተለጥፎላት ወደ መጋዘን ሄደች። ጣሪያቸው ላይ ያው ዓይን አለና እዚያ ያሉት እልል ብለው ነው የተቀበሏት። የመጋዘኑ ኃላፊ «አንድ ሞዴል ሠራተኛ በጥሩ ሁኔታ ተረክቤአለሁ» ብሎ ፈርሞ ላከ።

የዚያን ቀን ግን ክፍል አሥራ አራት መልሶ ድርግም አለ። ቤትም ግቢው ዶሮዋ ከወጣች ወዲህ ጭር እንዳለ ቀረ። እናትየዋ ማለዳ ጆሮዋን ወደ በሩ ጥላ ብዙ ጠበቀችና፣ «ዓመት ፈቃድ ይሰጧት ይሆን?» ብላ ጠየቀች። ጠራዧ ልትስቅ ፈልጋ አልሆነላትም። ያችን ዶሮ ከዓይነ ስውር ሴት መውሰዷ አንጀቷን በላው፤ ዛሬም ስታስበው ይበላታል።

ማክሰኞ ጠዋት የእናቷን ክንድ ይዛ የምድር ቤቱን አሥራ አንድ ደረጃ ቀስ እያለች አወረደቻት። ዓይኑ ሥር ምቹ ወንበር አስቀመጠችላት፣ ብርጭቆውን አራቀች። ኮሪደሩ ላይ ያገኛቸው ሥራ አስኪያጅ ጉሮሮውን ጠራርጎ ግድግዳውን እያየ አለፈ።

እናትየዋ ወሬዋን ጀመረች። አባቷ በቅሎ የገዛ ጊዜ የሆነውን፣ በቅሎዋ ስትፈረጥጥ፣ ሰዉ ሲሯሯጥ፣ ሁሉንም በሁለት እጇ አየር ላይ ሣለችው። መብራቱ አንዴም አልተርገበገበም። ጠራዧ ያንን የቀደደችውን ድንበር አወጣች፤ ትንፋሿን ውጣ ስሱን ወረቀት አሳረፈችበት። ሰባት ዓመት ሙሉ ቀን ላይ ምሳ ሰዓት ብቻ በሩጫ የምታያት እናቷ ክንድ በማትሞላ ርቀት ላይ ተቀምጣለች። ደስ አላት፣ በጣም ደስ አላት።

በወሬው መሃል እናትየዋ ድንገት አቆመችና እጆቿ አየር ላይ እንዳሉ፣

«በርቷል?» አለች።

«በርቷል፣ እማዬ።»

እናትየዋም በቅሎዋን ካቆመችበት አስነሳቻት።