ከመጩ የተመለሱ ንቦች

አበረ ከጎረቤቱ ከአያ አንለይ ቀፎዎች ሥር የረገፉትን ንቦች በመጥረጊያ ሲሰበስብ ቀና ብሎ ማየት አልቻለም። አያ አንለይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያዩታል። አምስቱም ቀፎ ጸጥ ብሏል።

"ተወው ልጄ፣ በከንቱ አትድከም" አሉት።

ክፉ ቃል ቢናገሩት ይሻለው ነበር። ንቦቹን የፈጀው እሱ ነዋ። ትናንት ረፋድ ላይ፣ ከሩዝ ማሳው ዳር ቢጫ ሆኖ ያበበውን መጭ ተባይ ያሳድርብኛል ብሎ መድኃኒት ረጨበት። የግብርና ባለሙያዋ "አበባ ላይ አትርጩ፤ ግድ ከሆነም ንብ ቤቷ ስትገባ፣ ሲመሽ" ብላ ነበር። እሱ ግን ማታ ማኅበር ነበረበትና ቸኮለ። ደግሞስ ለአረም ማን ይጨነቃል?

"መጭን እኮ የዘራው የለም" አሉ አያ አንለይ ወደ ሜዳው እያዩ። "ሩዙ በእኔ ዕድሜ የመጣ እንግዳ ነው። መጭ ግን የዚሁ አገር ነው፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ከዚያው ከሥሩ ያቆጠቁጣል። ንቤም የኖረችው በእሱ ነበር።"

"እኔ..." ብሎ ጀመረ አበረ።

የአያ አንለይ ልጅ አምሳል ከቤት ወጣች። "የሸክላ ሠሪዋ ዓይን ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል? ትናንት በዚህ ስታልፍ ቆማ ቀፎውን ስታይ ነበር።"

አበረ መጥረጊያው ላይ ተደገፈ። የቀበሌው ሰው ወጥ የሚሠራበት ድስት፣ ውኃ የሚቀዳበት እንስራ የገላነሽ እጅ ሥራ ነው፤ ክፉ ነገር በመጣ ቁጥር ግን ጣት የሚቀሰረው እሷ ላይ ነው። "እሷ አይደለችም" ቢል ይበቃ ነበር። ዝም አለ። ዝም በማለቱም ንቦቹን ከመፍጀቱ የባሰ አፈረ።

ብዙም ሳይቆይ ገላነሽ ራሷ የንቦቹን ማለቅ ሰምታ መጣች። እንደ ልማዷ ከአጥሩ ውጭ ራቅ ብላ ቆመች።

"እግዜር ይተካልዎ፣ አያ አንለይ" አለች ከዚያው ሆና።

"አበረ፣ እንዳትገባ ንገራት" አለች አምሳል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

እስከ በሩ ያለው አሥር እርምጃ አይሞላም። አበረ ፊቱ እንደጋለ ሄደ፤ መቀርቀሪያውን አንስቶ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው።

"ግቢ፣ እታለም" አላት። "ለአያ አንለይ የምነግራቸው አለኝ፤ አንቺም እዚሁ ሆነሽ ስሚኝ።"