ወንድሙን ጓድ ያለው ልብስ ሰፊ

«አንተ ሰውዬ፣ ለወጉ እንኳ ትንሽ አልቅስ እንጂ! የአንተን ድርሻ ጨምሬ ሳለቅስ ድምፄ ተዘጋ» አለች ጉዲቱ፣ ንፍሮዋን እየቆረጠመች።

ጉዲቱ የሰፈሩ አልቃሽ ናት። ሰው ገና ሲያጣጥር ነጠላዋን አዘቅዝቃ ትጠብቃለች እየተባለች ትታማለች።

«ዓይኔ ደረቅ ነው» አላት ሰብስቤ።

«ሽንኩርት ምን ሊሠራ ተፈጠረ ታዲያ?»

ታላቅ ወንድሙ፣ ልብስ ሰፊው ብዙነህ፣ ከተቀበረ ወዲህ ሰብስቤ በወንድም ወግ ድንኳኑ ውስጥ ከፊት ተቀምጧል። «እግዜር ያጽናህ» ለሚለው ሁሉ አንገቱን ይሰብራል፤ እንባ ግን ጠብ አላለውም። ነገ ሰልስት ነው፤ የሁሩታ ዘመድ ተጭኖ ይመጣል። በሰልስት ለወንድሙ ያላለቀሰ ሰው ደግሞ ስሙ ናዝሬትን አዳርሶ ሞጆ ያድራል። ይህን ያውቃል። ቢሆንም ለካደው ሰው አላለቅስም ብሎ ምሎ ነበር፤ ሰብስቤ ደግሞ ቂም ላይ እንጂ ሌላው ነገር ላይ ብርቱ አይደለም።

ነገሩ የመጣው ብዙነህ ልጁን በዳረ ጊዜ ነው። ሰብስቤ የጎማ መለጠፊያ ቤቱን ዘግቶ፣ ቅባቱን ከእጁ ፈግፍጎ፣ ሙክት የሚያህል በግ እየጎተተ ወደ ሠርጉ ሄደ። ብዙነህ በሙሉ ልብስ በር ላይ ቆሞ እንግዳ ይቀበላል። ሰብስቤን ከእግር እስከ ራሱ አየው። ከረባቱን አስተካከለ። ከዚያም፣

«እንኳን ደህና መጡ ጓድ! ይግቡ፣ ይግቡ!» አለው።

ለታናሽ ወንድሙ! በአንድ ቁርበት ላይ ተላፍቶ ላደገው! ከኋላ ያሉት የሙሽራው ዘመዶች ሳቁ። ሰብስቤ ከአራተኛ ክፍል ወዲያ አልተማረም፤ ሲንቁት ለማወቅ ግን ትምህርት አላስፈለገውም። «ጎማ ለጣፊ ስለሆንኩ አፈረብኝ» አለና በጉን እየጎተተ ተመለሰ። በጉም የተቀየመ ይመስል እስከ ቤት እየጮኸ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ሰብስቤ የወንድሙን ደጅ የረገጠው ለሬሳው ነው።

ከሰዓት በኋላ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ሰንበታ መጣ። ሰዎቹ የካርታ ጨዋታቸውን ጋቢ ውስጥ ደበቁ። ሊቀመንበሩ አልተቀመጠም፤ ሕዝብ ተሰብስቦ ሲያይ መቀመጥ አይሆንለትም።

«ጓድ ብዙነህ ንቃቱ ከፍተኛ ነበር!» አለ ጉሮሮውን ጠርጎ። «በቀበሌያችን ሽማግሌ ሕፃን ሳይለይ ሁሉን ጓድ የሚል እሱ ብቻ ነበር። ቄሱን ሳይቀር!»

ቄሱ ንፍሯቸው ላይ አቀረቀሩ።

ሊቀመንበሩ ሲወጣ ባለጋሪው ራህመቶ ካርታውን መልሶ አወጣ። «እኔን ጓድ ማለቱን ተዉት» አለ። «አንድ ቀን ከገበያ አምጥቼው ደጁ ላይ ሳቆም ‹ጓድ፣ እባክህ ቤቴ አድርሰኝ› አይለኝም? ቀልድ መሰለኝ። ሰፈሩን አንድ ዙር አዞርኩትና እዚያው አወረድኩት። አመስግኖ ገባ።»

ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። ሰብስቤም ሊስቅ አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። ቀልድ ያልነበረ ነገር ሲስቁበት ይታወቃል። ተነሥቶ ወደ ቤት ገባና ፍራሽ ላይ ከተቀመጠችው ከየሺዓለም፣ ከወንድሙ ሚስት፣ አጠገብ ቁጢጥ አለ።

«እትዬ የሺ፣ ጋሼን ምን ነክቶት ነበር?»

«ልቡ ነው የገደለው። ሐኪሙ ነግሮህ የለ?»

«ከልቡ በፊት ነው የምጠይቅሽ።»

የሺዓለም ሴቶቹን ቃኘች። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ሜትር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ሜትር ይፈልጋል። ይሄ በማንም ይደርሳል አልኩ። በኋላ አንዱን ደንበኛ ለክቶ ሲጨርስ እንደገና ‹ቁም ልለካህ› አለው። ሰውየው ‹ከቅድሙ ወፈርኩ እንዴ?› ብሎ ሳቀ፤ እሱም አብሮ ሳቀ። ከዚያ የሰው ስም ይጠፋው ጀመር። ሲጠፋው ጓድ ይላል። በዚህ ዘመን ጓድ ያለን ሰው ማን ‹ለምን› ይለዋል? እኔንም ብሎኛል።»

«አንቺን?»

«አልጋ ላይ! ‹ጓድ፣ ብርድ ነው፣ ጋቢውን ወደዚህ ሳብ ያድርጉት› አለኝ። ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ከዚያ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።»

«ሐኪም ቤት አትወስጅውም ነበር?»

«ምን ብዬ? ባሌ ሰው አክባሪ ሆነብኝ ልበል? ደግሞ ልብስ ሰፊ ዘነጋ ከተባለ ጨርቁን ማን ይሰጠዋል? መንገድ ላይ እየቀደምኩ ‹እንዴት ዋሉ እማማ ጥሩነሽ!› ብዬ እጮሃለሁ፤ እሱም ከኋላዬ ተቀብሎ ‹እማማ ጥሩነሽ!› ይላል። ሰፈሩ ለፍላፊ አለኝ። ይበለኝ።»

ሰብስቤ የባርኔጣውን ጠርዝ በጣቶቹ አሸ።

«የሠርጉ ቀንስ?»

«ወጥ ቤት ነበርኩ» አለች። «ዶሮ ስገነጥል ነው በር ላይ ያለ እኔ ያገኘኸው። በኋላ መጥቶ ‹በግ ይዞ የተመለሰው ሰው ማነው? ዓይኑ የእናቴን ዓይን ይመስላል፤ አስቀየምኩት መሰለኝ› አለኝ። ሰብስቤ ነው ስለው ጭንቅላቱን ያዘ። ይቅርታ ልጠይቀው ብሎ ጫማውን አሰረ። ደጅ ሲደርስ ወዴት እንደሚሄድ ጠፋው።»

«ታዲያ አትነግሪኝም?»

«መጥቼ የለ? ጎማ ጀርባ ተደብቀህ ‹የለም በሏት› አልክ። እግርህ ይታየኝ ነበር እኮ።»

ሰብስቤ እግሮቹን አየ።

በሰልስቱ የሁሩታ ሰዎች ደረታቸውን እየደቁ ገቡ። ጉዲቱ የተዘጋ ድምፅዋን ከየት እንዳመጣችው እንጃ፣ ግጥሙን አወረደችው። መሀል ላይ ሰብስቤ ብድግ ብሎ ከድንኳኑ ወጣ። «ይኸው፣ ሸሸ!» አለ ራህመቶ። ሰብስቤ ግን አልሸሸም። ቤቱን ዞሮ ወንድሙ በሠርጉ ቀን እንግዳ ይቀበልበት የነበረው በር ላይ ቆመ። ባርኔጣውን አወለቀ።

«ሰብስቤ ነኝ!» አለ ጮክ ብሎ።

ውስጥ ያሉት ሴቶች ወደ በሩ ዞሩ።

«ጋሼ፣ ሰብስቤ ነኝ! ታናሽህ ነኝ! ሰብስቤ!» ይዞት የኖረው እንባ ጺሙን አልፎ ሸሚዙ ላይ ወረደ።

«ዋቃዮ!» አለች ጉዲቱ፣ ከድንኳኑ ብቅ ብላ። «ለቅሶ አያውቅ ስንል የሟቹን ትቶ የራሱን ስም ይጠራል! ኧረ አንድ ሰው ያስተምረው እንጂ!»

ከሁሩታዎቹ አንዱ ሳቁን በጋቢው አፈነ።

የሺዓለም ጠጋ አለችና ከጎኗ ያለውን ፍራሽ በመዳፏ ጠረግ ጠረግ አደረገችለት።