የስፌት ክፍሉ ወለል

«ይሄኛው እንኳ ቆሻሻ አያሳይም» አለች አክስት፣ ቁራጭ ሴራሚኩን ወደ መስኮቱ አዙራ እያየች። «ያኛው ግን ውሃ ጠብ ካለበት ሰው ይፈጠፍጣል።»

ለቅሶ ሊደርሱ የመጡት ጎረቤቶች ናሙናውን ተቀባበሉት። አንዷ በጥፍሯ ጫረችው፤ ሌላዋ በጣቷ አንኳኳችው። ልጅቷ የሻይ ትሪውን እንደያዘች በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። እናቷ ከተቀበረች ሳምንት እንኳ አልሞላም። ከእጅ ወደ እጅ መዞር የነበረበት የእናቷ ፎቶግራፍ ነበር።

ነገሩ በስህተት ነው የተጀመረው። ደላላው ፊቱን አጨፍግጎ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» እያለ ሲገባ ከባድ ከረጢቱን በሩ ጥግ አስቀመጠ። አክስት ለሐዘንተኛ ዳቦ ያመጣ መስሏት «ደግ አደረግህ ልጄ» ብላ ብትፈታው ሴራሚክ፣ ፓርኬና የፕላስቲክ ንጣፍ ተዘረገፈ። ደላላው መሬት ቢከፈትለት በገባ ነበር። የልጅቷ ታላቅ ወንድም ግን ዝም ብሎ በማሳለፍ ፈንታ ጉሮሮውን ጠርጎ ያስረዳ ጀመር። ቤቱን ሊገዙ የፈለጉት ባልና ሚስት የኋለኛው ክፍል ወለል ካልተቀየረ አንገዛም ብለዋል። ናሙናውን እንዲያመጣ ደላላውን የጠራው ራሱ ነው።

«እስቲ አንቺም ምረጪ» አላት አሁን። «ዓይን ያለሽ አንቺ ነሽ።»

«እኔ ዓይን የለኝም ጋሼ» አለች። ትሪውን ስታስቀምጥ ሻዩ ተፈናጠረ። «ቢኖረኝማ ምን አስበህ እንደመጣህ ቀድሜ አይ ነበር።»

ፓርኬውን የያዘችው ጎረቤት ቀስ ብላ ከጉልበቷ ላይ አወረደችው።

ልጅቷ ወደ ኋለኛው ክፍል ገብታ በሩን ዘጋች። አሮጌው የስፌት መኪና ከቦታው ነው፤ ከሥሩ ያለው ጣውላ ጎድጉዷል። እናቷ የሰፈሩን ሴት ሁሉ የለካችው እዚህ ነው። ስፒል በከንፈሯ ነክሳ ስለምትሠራ ሐሜት ሲወራ መልስ አትሰጥም። ሴቶቹ ይሄን ምስጢር ጠባቂነት አድርገውት የባሎቻቸውን ጉድ ሁሉ ይዘረግፉላት ነበር። ከሄዱ በኋላ ስፒሉን ከአፏ አውጥታ «ወይ ጉድ! ይሄ ባይኖር ስንቱን ቤት በትኜ ነበር!» ብላ ትስቃለች።

ዓይኗ ከደከመ በኋላ የምትሠራው በባዶ እግሯ ነበር። የተቦረቦረውን ጣውላ በእግሯ ዳብሳ ወንበሯን ታገኛለች፤ ከዚያ የላላው ጣውላ ሲንቀሳቀስ መቁረጫው ጠረጴዛ ጋ መድረሷን ታውቃለች። ልጅቷ አንድ ጊዜ «ወለሉን እንቀይረው እንዴ፣ እማዬ?» ብትላት ተቆጣች። «እና እኔን ማን ሊመራኝ ነው?»

በሩ ተከፈተ። ወንድሟ ነው።

«ሰው ፊት አዋረድሽኝ።»

«ገና መች አዋረድኩህ! ስትታመም የት ነበርክ? በስልክ ‹አይዞሽ› ማለት ማስታመም ነው? ለእሷ ያጣኸውን ጊዜ ለሴራሚክ ከየት አመጣኸው?»

ወለሉን ነበር የሚያየው። መስኮቱ ፊት ለፊት ያለውን ጣውላ በጫማው ጫፍ ነካ አደረገው።

«እዚህ ነበር የምታቆመኝ።»

«ምን?»

«አንቺ ገና አልተወለድሽም። አንዲት አጭር ሙሽራ ነበረች፤ ቁመታችን እኩል ነበር። ሙሽራዋ መምጣት ሳይመቻት ሲቀር እማዬ ቀሚሱን እኔ ላይ ትለካዋለች። መስኮቱ ክፍት ነበር። ልጆቹ አዩኝ። ትምህርት ቤት እስክጨርስ ስሜ ሙሽሪት ነበር።»

ሳቅ አመለጣት። መሳቋ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት።

«ነግረሃታል?»

«እያለቀስኩ ነገርኳት። ‹ዝም ብለህ ቁም፣ ጫፉ ይጣመማል› አለችኝ።» ፊቱን አዞረ። «እዚህ ቤት በመጣሁ ቁጥር የማየው ይሄን ጣውላ ነው።»

«እና በአንድ ቀሚስ ዕድሜ ልክህን አኮረፍካት? እሷ እኮ ‹ሥራ በዝቶበት ነው› እያለች ለሰው ስታስተባብልልህ ነው የሞተችው!»

ወንድሟ ጣውላውን በጫማው ተረከዝ ረገጠው።

«እሺ፣ ይነቀል» አለች። «ግን በቅጥር ሠራተኛ አይደለም። አንተ ራስህ ትነቅለዋለህ። አሁን።»

«ሰው እየሰማ?»

«ይስማ! ሲመርጡ አላፈሩም።»

ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር መዶሻ አውጥታ ሰጠችው። ኮቱን አውልቆ ተንበረከከ። የመዶሻውን መንቀያ ከጣውላው ሥር አስገብቶ ሲጫነው ሚስማሩ ጮኸ። ሳሎን ውስጥ ወሬው ቀጥ አለ። እንደገና ተጫነው። ጣውላው አልላቀቅ አለ። በሦስተኛው ላይ እጁ ቆመ። መዶሻውን እንደጨበጠ ግንባሩን ወለሉ ላይ ደፋ፤ ድምፅ ሳያሰማ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር።

ልጅቷ ከላዩ ቆማ አየችው። ልታጽናናው አልፈለገችም። ብዙ የምትለው ቀርቷት ነበር። ከሸሚዙ እጅጌ ጫፍ የተተረተረ ክር ተንጠልጥሏል።

«እጅህን አምጣ» አለች በቁጣ።

አጠገቡ ተንበርክካ እጅጌውን ሳበችው። ክሩን በጣቷ ላይ ጠመጠመች፤ ጎንበስ አለችና እንደ እናቷ ጨርቁን ሳትነካ በጥርሷ በጠሰችው።