የካዳት ልጁ ዱካ

አውሰጃ በካዕባ ፊት ቆሞ፣ «ኑዋር ከእንግዲህ ልጄ አይደለችም፤ ደሟም ደሜ አይደለም» ብሎ ከካዳት ዓመት ሊሞላው ነው። በድንኳኑ ውስጥ ስሟ አይነሳም። ባሏ ሲማክ «አምላክ አንድ ነው» ከሚሉት ጋር ገባ፤ እሷም ተከተለችው። አውሰጃ ግን እንደ አባቶቹ ላትና ዑዛ ለተባሉት ጣዖታት እየሰዋ፣ እንደ አባቶቹ ዱካ እያነበበ ይኖር ነበር። ከመካ እስከ ባሕር ድረስ፣ በአሸዋ ላይ ያለፈን ሰው በእርምጃው በመለየት የሚተካከለው አልነበረም።

ስለዚህ ባልና ሚስቱ ከመካ በጠፉ ማግስት የሲማክ ታላቅ ወንድም ሁበይሽ ሲያስጠራው ማንም አልተገረመም። እሱም እምቢ አላለም። ንዴቱ ገና አልበረደለትም ነበር።

አውሰጃ ከፊት በእግሩ፣ ሁበይሽና የሁበይሽ የአጎት ልጅ ጁንዱብ ከኋላ በግመል ሆነው ወጡ።

«አባባ፣ ልብዎ አይባባም?» አለ ጁንዱብ እየሳቀ። «የገዛ ልጅን ማደን እኮ ነው!»

«ልጅ የለኝም።»

ከደረቁ ወንዝ አፍ ላይ ዱካቸውን አገኘ። ረጅሙ የሲማክ ነው። ጠባቡን ለማወቅ ማጎንበስ እንኳ አላስፈለገውም፤ መራመድ ያስተማራት እሱ ነው። ነገር ግን ተረከዟ ከወትሮው ጠልቋል፤ እግሮቿም ተራርቀዋል። ሸክም ይዛ ይሆናል አለ በልቡ። ሸክም የያዘ ሰው ግን ወደ ፊት ያዘነብላል፤ የዚህች ክብደት ወደ ኋላ ነው። ትንሽ አለፍ ብሎ ያረፈችበትን ቦታ አየ። ስትነሳ ሁለት እጆቿን ከኋላዋ ተደግፋለች።

እርጉዝ ናት። ወሯም ገፍቷል። የነገረው ሰው አልነበረም፤ ልጁን ለካደ አባት ማን ይነግረዋል?

«ስናገኛቸው ምን ታደርጓቸዋላችሁ?» ሲል ጠየቀ፤ ዘወር አላለም።

«ወንድሜን አስሬ ለእናቱ አስረክባለሁ» አለ ሁበይሽ።

«እሷንስ?»

«ያሳተችው እሷ ናት፤ ከዚህ አሸዋ አትመለስም። ደሟን ማን ይጠይቀኛል? እርስዎ ራስዎ በሰው ፊት ክደዋታል።»

አውሰጃ አሁን ገባው። ወገን ያላትን ሴት ማንም አይደፍርም፤ ወገኗን የነሳት የእሱ አፍ ነው። ክህደቱን ለማንሳት ደግሞ ካዕባ ፊት በምስክር መቆም አለበት። እዚህ ያሉት ሰይፍ የታጠቁ ሁለት ሰዎችና እሱ ብቻ ናቸው።

ዱካው ወደ ምዕራብ፣ ወደ ባሕሩ ይታጠፋል። አውሰጃ በሕይወቱ አድርጎት የማያውቀውን አደረገ፤ ዱካው ላይ ቆመ። እግሩን በላዩ እየጎተተ ጥቂት ተራመደና ወደ ደቡብ ጠቆመ።

«በየመን መንገድ ወርደዋል።»

«አንተ ሽማግሌ!» ብሎ ጮኸ ጁንዱብ። «ዱካ አንባቢ ዱካ ይረግጣል እንዴ? ይህንንማ የኔ ግመልም ታውቃለች!»

ሁበይሽ ከግመሉ ወረደ። አሁን አንቱታው ቀርቷል።

«እግርህን አንሳ።»

አነሳ። ከስሩ የራሱ የእግር ምልክት እንጂ ሌላ አልታየም።

«የረገጥኩት የእረኞች ያረጀ ዱካ ነው» አለ አውሰጃ።

«ማል።»

«በምን?»

«በላትና በዑዛ ነዋ! በማን ልትምል ኖሯል፣ በልጅህ አምላክ?»

አውሰጃ የገዛ አጎቱ በሐሰት ምሎ ዓመቱ ሳይዞር በለምጽ ሲያልቅ በዓይኑ አይቷል። ቢሆንም ማለ። ከዚያም ዓይኑን ጨፍኖ ከሰማይ የሚወርድበትን ጠበቀ። ነፋስ ብቻ አለፈ።

ወደ ደቡብ ሄዱ። አውሰጃ እንሽላሊት ስትሮጥ ይደነግጣል፤ ግመል ሲደናቀፍ ቅጣቱ መጣብኝ ይላል። ቆዳው ነጥቶ እንደሆነ ክንዱን ደጋግሞ ያያል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከውሃ ጉድጓድ ደረሱ። ውሃ የሚቀዱት ሴቶች ግን በዚያ ያለፈ ሰው አላዩም።

ሁበይሽ ሰይፉን መዘዘ። አውሰጃ አንገቱ ላይ የብረቱ ቅዝቃዜ ተሰማው።

«ተው» አለ ጁንዱብ፤ አሁን አልሳቀም። «እሱ ደሙን የሚጠይቅ ነገድ አለው። በኛ ላይ ጦር ልታመጣ ነው?»

ሰይፉ ወደ ሰገባው ተመለሰ። አውሰጃን በገመድ አስረው፣ ያጠፋው ዱካ ወደሚያመራበት ወደ ባሕሩ እየጎተቱ ወሰዱት።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ደረሱ። የባሕሩ ዳር ባዶ ነበር። መረብ የሚጠግን ዓሣ አስጋሪ፣ ከመካ የሸሹ ሰዎችን የጫነች ጀልባ ጎሕ ሲቀድ ወደ ሐበሻ ምድር እንደሄደች ነገራቸው።

«አንብብ!» አለ ሁበይሽ፤ የአውሰጃን አንገት ይዞ ወደ እርጥቡ አሸዋ ገፈተረው። «አሁን እንኳ እውነቱን አንብብ!»

አውሰጃ ተንበረከከ።  ከዳር እስከ ዳር በዓይኑ ተከተለና፣

«ስድስት ሰዎች ወደ ውሃው ገብተዋል» አለ። «አንዷ እርጉዝ ናት፤ ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ደግፈዋታል። የተመለሰ ዱካ የለም።»