የአምስት ደቂቃ ውሃ

ሠላሳ አንድ ዓመት የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነበርኩ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም አመሌ አለቀቀኝም፤ የጎረቤት ቧንቧ ሲያንጠባጥብ ከሰማሁ እንቅልፍ በዓይኔ አይዞርም። ሚስቴ "አንተንስ ውሃ ነው የወለደህ" ትለኛለች። ይህን የማወራው ጉራ ልነዛ ብዬ አይደለም። ያን ቅዳሜ ያደረግኩትን ሳላውቅ አደረግኩት እንዳልል ነው።

ሰፈራችን ውሃ የሚመጣው በሳምንት አንድ ቀን ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት ከአሥራ ሁለት እስከ አራት ሰዓት። መስመሩ መጀመሪያ የሚገባው በእኔ ግቢ ነው። ከእኔ በታች ልብስ አጣቢዋ ትኖራለች፤ ወደ እሷ የሚወርደው ቧንቧ መዝጊያው ያለው እኔ አጥር ሥር ነው። ውሃው ቀጭን ስለሆነ በአንድ ጊዜ ለሁለት ቤት አይበቃም። ስለዚህ ተራ አወጣሁ። እስከ ሁለት ሰዓት ለአንዳችን፣ ከዚያ እስከ አራት ሰዓት ለሌላችን፣ በየሳምንቱ ቀዳሚው ይለዋወጣል። ወረቀቱን በገዛ እጄ ጽፌ፣ ዝናብ እንዳይነካው በላስቲክ ሸፍኜ የግቢው በር ላይ ለጠፍኩት። ከሥሩ "ሰዓት ይከበር" ብዬ ጨመርኩና በቀይ አሰመርኩበት።

ሴትዮዋ የምትኖረው በዚያ ውሃ ነው። የአንድ አልጋ ቤት አንሶላ በሙሉ የምታጥበው እሷ ናት፤ ቅዳሜ ጠዋት አጥባ ማታ ታስረክባለች። ከዚያ ቅዳሜ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ ቀዳሚዋ እሷ ነበረች። ልክ ሁለት ሰዓት ሲሆን መዝጊያውን ጠረቀምኩት። እስከ ክርኗ ሳሙና እንደሆነች እየሮጠች መጣች።

"ጋሼ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ ይጨምሩልኝ። አለቅልቄ ልጨርስ።"

ሰዓቴን አሳየኋት። "ልጄ፣ አምስት ደቂቃ ማለት ከተጀመረ ማብቂያ የለውም" አልኳት።

ሳሙናው አንሶላው ላይ ደርቆ ቀረ። አልጋ ቤቱ መለሰባት፤ ሁለተኛ እንዲህ ከሆነ ሌላ ሰው እንፈልጋለን አሏት። ይህን የነገረችኝ ሚስቴ ናት። እኔም "ታዲያ ሰዓት ታክብራ" ብዬ ጋዜጣዬን ገለጥኩ።

ወደ ቅዳሜዋ ልመለስ። የልጄ እጮኛ ወላጆች ለመጀመሪያ ጊዜ ምሳ እኛ ቤት ሊበሉ ቀጠሮ ይዘዋል። የዚያን ቀን ቀዳሚው እኔ ነበርኩ፤ በርሜሌን ሞልቼ፣ ሁለት ሰዓት ላይ ውሃውን ለቀቅኩላት። እስከዚህ ድረስ ንጹሕ ሰው ነኝ። ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ውሻችን ሻለቃ የት እንደሆነ እንጃ፣ ሞቶ የከረመ ነገር ላይ ተንከባሎ መጣ። ሽታው ከእሱ ቀድሞ ግቢ ገባ።

ሚስቴ ከወጥ ቤቱ በር ላይ አፍንጫዋን ያዘች። "ወይ ይሄን ውሻ እጠበው፣ ወይ ምሳህን ከሱ ጋር ውጭ ትበላለህ።"

"እሺ፣ ከበርሜሉ..."

"በርሜሉን እንዳትነካ! የእንግዳ ነው።"

ሻለቃ ደግሞ በባልዲ አይታጠብም፤ ባልዲ ካየ ያለ የሌለ ጉልበቱን አውጥቶ ይፈረጥጣል። የውሃ ጎማ ግን ይወዳል። ወደ አጥሩ ሥር ሄድኩ። የታችኛውን መዝጊያ እንደያዝኩ ትንሽ ቆምኩ፤ አልዋሽም፣ ቆሜያለሁ። ለራሴ "አምስት ደቂቃ ናት" አልኩና ዘጋሁት። ጎማዬን ከፈትኩ።

ውሻ በአምስት ደቂቃ ታጥቦ አያልቅም። ጀርባውን ሳረጥብ ሆዱ ይቀራል፤ ወደ ሆዱ ስሄድ ጎማውን ነክሶ ይጎትታል። የመጀመሪያው ሻምፑ ሽታውን ንክች ስላላደረገው ደገምኩት። እኔ እስከ ጉልበቴ ረጠብኩ፣ እሱ ከጆሮው እስከ ጅራቱ አረፋ ሆነ። ምን እደብቃለሁ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። በሩ የተንኳኳው ያኔ ነው።

"ጋሼ" አለች ልብስ አጣቢዋ ከውጭ፣ "ውሃው እርስዎም ጋ ሄደ?"

ጎማውን አጥፌ በእጄ ጨመቅኩት። የውሃው ድምፅ ጠፋ።

"ሄዷል ልጄ" አልኩ። "እኔም ጋ የለም። እነዚህ ሰዎች መቼ ሥራ ያውቃሉ።"

እነዚህ ሰዎች የምላቸው ሠላሳ አንድ ዓመት አብሬያቸው የሠራሁትን ነው። ውሸቱ እንዴት እንደቀለለኝ ዛሬም ሳስበው ያሳፍረኛል።

በሩ ገርበብ ያለ ነበር። ሻለቃ ሁልጊዜ አጥንት የምትሰጠውን የሴትዮዋን ድምፅ ሲሰማ በአፍንጫው ገፋ አድርጎት ወጣ። ፊቷ ቆሞ አንዴ ተራገፈ። ተከትዬው ስወጣ ክርኗ ድረስ ያለው ሳሙና የራሷ ነበር፤ ፊቷና ቀሚሷ ላይ የተረጨው ግን የእኔ ውሻ አረፋ ነው። በእጄ የያዝኩት ጎማ ይንጠባጠባል። አንዴ ጎማውን፣ አንዴ በክፍቱ በር አሻግራ መዝጊያውን አየች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ስድብ ጠበቅኩ፤ ብትሰድበኝ ኖሮ እኔም መልስ አላጣም ነበር።

ፊቷን በትከሻዋ ጠረገችና ጎንበስ ብላ የሻለቃን የአንገት ማሰሪያ ያዘች።

"ሳሙናው ከደረቀበት ያሳክከዋል" አለች። "ያለቅልቁት ጋሼ፣ እኔ እይዝልዎታለሁ። አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው።"

ሰዓቴን አየሁ። ለአራት አምስት ጉዳይ ነበር። አራት ሰዓት ላይ ውሃው ከዋናው መስመር እንደሚቆም እሷም ታውቃለች፤ ግን ሰዓት አላሰረችም፣ ስንት እንደቀራት አታውቅም። እኔ አውቃለሁ። "ሂጂ፣ አሁኑኑ ልልቀቅልሽ" ማለት ነበረብኝ። እንግዶች ይመጣሉ፣ ውሻው እንዲህ ሆኖ አይቀመጥም ብዬ የታጠፈውን ጎማ ለቀቅኩት። በአንድ እጇ ይዛው በሌላው ሆዱን፣ ብብቱን፣ የጆሮውን ሥር አሸችልኝ። የሰው አደራ እንደምታጥብ ነው ያጠበችው። ሻለቃ ጥርት ብሎ ሲወጣ ጎማው ሁለት ጊዜ አሳለውና ቆመ።

"ሄደ እንዴ?" አለች።

"ሄደ" አልኩ። በዚያ ጠዋት የነገርኳት እውነት ይቺ ብቻ ናት። እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ ወረደች።

ምሳ ላይ የእጮኛው አባት ወደ እኔ ዞረ። "በሩ ላይ ያለውን ወረቀት አነበብኩት። ሰዓት ይከበር! እንዲህ ሥርዓት ካለው ቤት ልጅ ማግኘት መታደል ነው።"

"የአባባ ጽሑፍ ነው" አለች ልጄ ኮራ ብላ።

ሻለቃ ምንጣፉ ላይ ነጭ ሆኖ ተኝቷል። በመስኮቱ ቁልቁል የልብስ ማስጫ ገመዷ ይታያል፤ አንድም ነገር አልተሰጣበትም።

ተነሳሁና ከነሙሉ ልብሴ ወጥቼ ሁለት ጄሪካን ከበርሜሉ ሞላሁ። ሚስቴ እየተጣደፈች ተከተለችኝ። "ምን ነካህ? እንግዳ አስቀምጠህ?"

"ውሻውን ያጠብኩት በእሷ ውሃ ነው" አልኩ፣ ሁሉም በክፍቱ በር እየሰሙኝ። የልጄን ፊት ላለማየት አንገቴን ደፍቼ ወረድኩ።

የሴትዮዋ በር ክፍት ነበር። አንሶላዎቹ ገንዳው ውስጥ ተከምረዋል፤ ጫፍ ጫፋቸው ላይ ሳሙናው መድረቅ ጀምሯል። እሷ አጠገባቸው ቁጭ ብላለች። ጄሪካኖቹን አስቀምጬ ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት ቀደመችኝ። ብድግ ብላ እጅጌዋን እየሰበሰበች የእጄን ሰዓት አየች።

"ጋሼ፣ ስንት ደቂቃ አለኝ?"