ስድስት አረንጓዴ መብራቶች

ኦድቫር የበዓል ልብሱን እንደለበሰ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ ለቶርዲስ ባትሪ ያበራላት ነበር። የልብሱ የብር ቁልፎች በሰርቨሩ፣ በአሮጌው ኮምፒውተር፣ ሆድ ውስጥ ለዓመታት ከተጠራቀመው አቧራ አጠገብ ሲያብረቀርቁ ቀልድ ይመስላሉ፤ ቶርዲስ ግን አልሳቀችም። ብሎኖቹን በከንፈሮቿ መሃል ይዛ፣ ትናንት ከሰዓት በገዛ እጇ የከተተችውን ካርድ በጠርዙ ይዛ ቀስ እያለች ነቀለችው።

«እስቲ ጥርሱን አሳዪኝ» አለ ኦድቫር።

ወደ መብራቱ አዞረችለት። የመዳብ ጥርሶቹ ከፋብሪካ እንደወጡ ነበሩ፤ ጭረት እንኳ አልነካቸውም።

«ንጹሕ ነው። ንጹሕ ከሆነ ታዲያ ለምን ይዋሻል?»

አፏ በብሎን ተሞልቶ ነበርና ትከሻዋን ነቀነቀች።

ክፍሉ በማዘጋጃ ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። በመስኮቱ ፊዮርዱ፣ በተራሮች መሃል የገባው ጠባብ ባሕር፣ ይታያል፤ ከፊዮርዱ ማዶ፣ ከድልድዩ ወዲያ፣ የኢንድረቪክ መንደር ከስካርቨ ተራራ እግር ሥር ተለጥፏል። ነጩ ቤተ ክርስቲያን፣ የመንደሩ አዳራሽ፣ ቀያዮቹ ጎተራዎች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዳገቱ ጥግ የአባቷ የአይሊቭ የላም ጋጣ። ከጋጣው በላይ ጉም ነው። ተራራው ከሐሙስ ወዲህ ራሱን አላሳየም። በግንቦቱ ሙቀት በረዶው እየቀለጠ በየስንጥቁ ይሰርጋል፤ እዚያ ላይ ምን እየሆነ እንዳለ ሊናገር የሚችለው ይህ አሮጌ ሰርቨር ብቻ ነው።

ስካርቨ አንድ ቀን ተንዶ እንደሚወርድ በመንደሩ የማያውቅ የለም። ልጆቹ ዋና ከመማራቸው በፊት የሚማሩት ይህንን ነው። ቶርዲስ የምትሠራበት የዚህ ቢሮ ሥራም ቀኑን አስቀድሞ ማወቅ ነው፤ ሌላ ሥራ የለውም። በምዕራቡ ጫፍ ያሉት የቆዩ መለኪያዎች ከአንድ የሐሰት ጩኸት በቀር ምንም ሳይናገሩ ዓመታት አልፈዋል። ባለፈው በጋ ግን በምሥራቁ ትልቅ ስንጥቅ ላይ፣ ከጫፉ እስከ ግርጌው፣ ስድስት አዳዲስ መለኪያዎች ተተከሉ። ሰርቨሩ እነሱን የሚቀበልበት መሰኪያ አልነበረውም። በሌላ እንዳይቀይሩት ደግሞ ፕሮግራሙን የሠራው ድርጅት ከተዘጋ ቆይቷል፤ ፕሮግራሙም ከዚህ ሣጥን በቀር በሌላ ማሽን ላይ አልሠራም ብሏል። ስለዚህ ካርድ ተገዛ። ስድስት መሰኪያ አለው፤ በየመሰኪያው ጎን አንድ ትንሽ አረንጓዴ መብራት። የላይኛው መብራት የላይኛው መለኪያ ነው፣ የታችኛው የታችኛው፤ መለኪያው ከተቆረጠ መብራቱ ይጠፋል።

ትናንት ማታ ድረስ ደህና ነበር። ዛሬ ጠዋት ቶርዲስ ለተረኝነት ስትገባ ግን የስድስቱም መስመር ስክሪኑ ላይ ሽቅብ እየወጣ፣ ተራራው እየተንቀሳቀሰ ነው እያለ፣ አገኘችው።

ካርዱን ሦስቴ ነቅላ ሦስቴ መልሳ ሲያቅታት ኦድቫርን ከቤተ ክርስቲያን አስጠራችው። ዛሬ የአሥራ አምስት ዓመት ልጆች እምነታቸውን የሚያጸኑበት ቀን ነው፤ ከልጆቹ አንዷ የኦድቫር የልጅ ልጅ ሱኒቫ ናት። አሁን ሥርዓቱ አልቆ መንደሩ በሙሉ አዳራሹ ውስጥ ለምሳ ተቀምጧል። ኦድቫር የቢሮው ኃላፊ ነው። ቤታችሁን ለቃችሁ ውጡ የማለት ሥልጣን ያለው እሱ ብቻ ነው።

«መክተቻውን ብትቀይሪውስ? ከጎኑ ካለው ካርድ ጋር ተጣልቶ ይሆናል።»

«ቀይሬዋለሁ።»

«ኤሌክትሪኩስ?»

«እሱንም። ኬብሉንም። በነቀልኩት ቁጥር ይሻለዋል፣ ከዚያ መልሶ ያመዋል።»

«ይሞቃላ!» አለና ጉልበቱን ይዞ ተነሣ። «ይሄ ሣጥን የተሠራው ለዱሮ ካርድ ነው። አዲሱ ሲሞቅ ይቀባጥራል። እኔም ሲሞቀኝ እቀባጥራለሁ።»

የሚያሳምን ነገር ነበር። ቶርዲስም እንዲያሳምናት ፈልጋለች። ከሒሳብ ክፍል የጠረጴዛ ማራገቢያ አምጥታ ክዳኑ በተነሣው ሰርቨር አፍ ላይ ደቀነችው።

ሁለቱም ያላነሡት ነገር ነበር። ባለፈው ጥቅምት ይኸው ሰርቨር ተራራው ተንቀሳቀሰ ብሎ የመንደሩ ሰው ዝናብ እየወረደበት ነቅሎ ወጣ። ተራራው ንቅንቅ አላለም፤ የተበላሸችው ማዘርቦርዱ፣ የሰርቨሩ ዋና ሰሌዳ፣ ላይ ያለች ጥፍር የምታህል ዕቃ ነበረች። የኦድቫር እናት አስላውግ ከአልጋዋ ተነሥታ በጎረቤት ከተማ ትምህርት ቤት ጂምናዚየም ውስጥ ሁለት ሌሊት አደረች፤ ሳል ይዟት ተመለሰች፤ ኅዳር ላይ ተቀበረች። ከዚያ ወዲህ ቶርዲስ ወደ መንደሩ ሱቅ በገባች ቁጥር አንዱ «ዛሬስ ጫማ አውልቀን እንተኛ ወይስ አድርገን?» ይላታል፤ የቀሩት ይስቃሉ። ኦድቫርን ግን ማንም እንዲህ አይለውም። እሱ ሲገባ ዝም ነው የሚሉት።

ካርዱን መለሰችው፣ ማብሪያውን ተጫነች። ሰርቨሩ እያቃሰተ ተነሣ። ስድስቱ አረንጓዴ መብራቶች ተራ በተራ በሩ፤ ስክሪኑ ላይ ስድስት መስመሮች ከዜሮ ተነሥተው ቀጥ ብለው ተጋደሙ።

ኦድቫር ጥቂት አየና ትንፋሹን ለቀቀ። «አየሽ? ንፋስ ነው የፈለገው።» ባርኔጣውን አነሣ። «ንግግር አለብኝ። አያት ሳይናገር ኬኩ አይቆረስም።»

«ትንሽ ብትቆይ ጥሩ ነበር።»

«ልጄ፣ ካርድ ሲበላሽ ብዙ አይቻለሁ፤ ተራራ ሲናድ ግን አላየሁም። ደግሞ ካርድ የሞተ እንደሆነ አትሳሳቺም፤ መብራቱ በሙሉ አንድ ላይ ድርግም ነው የሚለው። ያን ጊዜ ደውዪልኝና ኬክ ይዤልሽ እመጣለሁ።»

በሩ ተዘጋ። ቶርዲስ ወንበር ስባ ስክሪኑ ፊት ተቀመጠች። መጠበቅ አትወድም፤ ይህን ሥራ ስትመርጥ አብዛኛው መጠበቅ መሆኑን ማንም አልነገራትም። ማራገቢያው ወረቀቶቹን ያንኮሻኩሻል። መስመሮቹ ተጋድመዋል። ከዚያ የላይኛው ቀና አለ፤ ሁለተኛው ተከተለው።

እጇን ሰዳ ካርዱን ነካችው። እንደ መስኮቱ መስታወት ቀዝቃዛ ነበር።

ስልኳ ጮኸ። አባቷ ነው።

«አንቺ፣ ሾርባው ሊያልቅልሽ ነው። ቀሚስሽን ለብሰሽ አትመጪም?»

«ሥራ ላይ ነኝ። አንተስ አዳራሽ አይደለህም?»

«ጥቁሯ ላም ልትወልድ ነው፣ ጥያቸው መጣሁ። ከዚያኛው ወሬ የእሷ ማቃሰት ይሻለኛል። ውኃው ደግሞ ዛሬ ወተት ሆኖ ቆየኝ።»

«የቱ ውኃ?»

«የምንጩ ነዋ፣ ጋጣ የሚገባው። ጠዋት ደፍርሶ ነበር፣ አሁን ጭራሽ ነጭ ነው። ላሞቹ አፋቸውን አስጠግተው ይመለሳሉ።»

«እንዲህ ሆኖ ያውቃል?»

«እኔ እያለሁ አያውቅም። ምነው? እንደ ባለፈው ላሞቼን ጂምናዚየም ልታሳድሪያቸው ነው?»

«መልሼ እደውላለሁ፣ አባዬ።»

ስልኩን አስቀመጠችና ስክሪኑን አየች። ከጠዋት ጀምሮ ስታየው የዋለችውን ነገር አሁን ገና ያየችው መሰላት፤ ዜሮውን። ለምንድን ነው ሁልጊዜ ከዜሮ የሚነሣው? ፕሮግራሙ መነሻ ቁጥር ካልተሰጠው፣ ሲነቃ ተራራው በቆመበት ላይ ዜሮ ብሎ ይጀምራል። መነሻው የሚሞላበት ቦታ ትናንት ፊቷ ተከፍቶ ነበር። አርብ ማታ ነበር፣ ደክሟት ነበር፣ ሰኞ እሞላዋለሁ ብላ አለፈችው።

እንግዲያው ካርዱ አንድም ጊዜ አልተሻለውም። ይረሳል እንጂ። ባጠፋችውና ባበራችው ቁጥር ተራራው የተንቀሳቀሰውን ሁሉ ትደመስስለት ነበር፤ ከዚያ መስመሩ ሲጋደም አይታ ትንፋሿን ትለቅ ነበር።

ማልቀስ ወይም መሳደብ ጊዜ ይፈጃል። ሰርቨሩን ሳታጠፋ፣ ከጠዋት ጀምሮ ያለውን የላይኛውን መለኪያ መስመር ቁራጭ በቁራጭ አተመችው። በመቀስ ቆረጠችው፣ የአንዱን መነሻ ከሌላው መድረሻ ጋር እያገናኘች በፕላስተር አጣበቀችው። ወረቀቱ ከጠረጴዛው ጠርዝ አልፎ ተንጠለጠለ። ጠቅልላ ያዘችውና በሩ ላይ ያወለቀችውን ጫማ ሳታደርግ በካልሲ ደረጃውን ወረደች።

ኦድቫር አልሄደም ነበር። መኪናው ውስጥ ተቀምጦ፣ መስኮቱን ዘግቶ፣ ንግግሩን እየተለማመደ ነው፤ ከንፈሮቹ ይንቀሳቀሳሉ፣ አንድ እጁ አየር ላይ ቀርቷል። ቶርዲስ ወረቀቱን ዘረጋችና በፊት መስታወቱ ላይ ለጠፈችበት። ከውስጥ ሆኖ አየው። እጁ ወረደ።

«ካርዱ አልሞቀም» አለች ሲወጣ። «ባበራሁት ቁጥር ከዜሮ ስለሚጀምር ነው የዳነ የመሰለን። ቀጥለህ እየው።»

በጣቱ ተከተለው። የመጀመሪያው ቁራጭ እንደ መንገድ ዘንበል ያለ ነበር። ሁለተኛው ከእሱ ይብሳል፣ ሦስተኛው ከሁለተኛው። የመጨረሻው ላይ ሲደርስ ጣቱ ወደ ላይ ብቻ ነበር የሚሄደው።

«ካርዱ ቢሆንስ?»

«የአባቴ ምንጭ ነጭ ሆኗል፤ ተራራው ውስጥ ድንጋይ እየተፈጨ ነው። ምንጩ ካርድ የለውም።»

ኦድቫር ወደ ማዶ ዞረ። ከአዳራሹ የአኮርዲዮን ድምፅ በውኃው ላይ ተንሳፍፎ ይመጣል፤ አንድ ሰው እየተሳሳተ ይጫወታል፣ ሌሎች ይስቁበታል።

«እናቴን ተሸክሜ ያወጣኋት እኔ ነኝ» አለ። «አይናድም እያለችኝ። አልተናደም።»

ቶርዲስ ወረቀቱን ከመስታወቱ ላይ አንሥታ ጠቀለለችው።

ኦድቫር ንግግሩን አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። ከዚያ ስልኩን አወጣና ቁጥሩን ሳያይ ለአደጋ ጥሪው ተረኛ ደወለ። ስሙን ተናገረ፣ የመንደሩን ስም ተናገረ፣ «በሙሉ» አለ፣ «አሁን» አለ። ድምፁ ሥጋ ቤት ትእዛዝ የሚሰጥ ሰው ድምፅ ነበር።

የማስጠንቀቂያው ሳይረን ሲጮህ አኮርዲዮኑ ቆመ።

ከሁለተኛው ፎቅ መስኮት ሆነው አዩአቸው። ሰው ከአዳራሹ ቢወጣም የሚሮጥ አልነበረም። ሴቶቹ ረጃጅም ቀሚሶቻቸውን ሰብስበው፣ አንዷ ከነሳህኑ ኬክ ይዛ። አንድ ሰው ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ዞሮ ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሣ፤ ዙሪያው ያሉት ሳቁ። መኪኖቹ አንድ በአንድ ድልድዩን መሻገር ጀመሩ። ኦድቫር ሱኒቫ ያለችበት ሰማያዊ መኪና እስኪያልፍ ግንባሩን መስታወቱ ላይ እንደደገፈ ቆየ።

ዳገቱ ጥግ፣ የጋጣው በር ክፍት ነው። የአባቷ ቀይ ትራክተር እንደቆመ ነው።

ደወለችለት።

«እግሩ ወጥቷል» አለ አባቷ እያለከለከ። «ጥጃው፣ እግሩ ወጥቷል። አሁን ልተዋት?»

«ተዋት።»

«አንቺ ስለ ላም ምን ታውቂያለሽ?»

«አባዬ፣ ተዋት። ና።»

የላሟ ማቃሰት ተሰማ። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ። ትዕዛዟን ሰምቶ ይሁን፣ ተናዶ፣ ወይም ሁለት እጁን ፈልጎ፣ አላወቀችም።

ማራገቢያው ከኋላዋ አሁንም ይሽከረከራል። ጩኸቱ አናደዳትና ልታጠፋው ዞረች። እጇ ማጥፊያው ላይ እንዳለ፣ በተከፈተው ሣጥን ውስጥ የካርዱን መብራቶች አየች። አምስት ነበሩ። የላይኛው ጠፍቷል።

ኬብሉን ነካ አደረገችው፤ ጥብቅ ነው። ሁሉም አንድ ላይ ድርግም እስኪል ጠበቀች። በሕይወቷ የአንድን ዕቃ መበላሸት እንዲህ ተመኝታ አታውቅም።

ከላይ ሁለተኛው ጠፋ።

«ኦድቫር» አለች።

አልዞረም። «ትራክተሩ ወጣ» አለ ወደ መስኮቱ እንደቆመ። «ቶርዲስ፣ አባትሽ ወጣ፣ እየወረደ ነው።»

ሄዳ አጠገቡ ቆመች። ከጉሙ በታች፣ በእርሻው ጠባብ መንገድ ላይ፣ ቀዩ ትራክተር ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ከኋላ የታሰረው ጋሪ ላይ አንድ ጥቁር ነገር ተጋድሟል። ድልድዩ ገና ሩቅ ነው። ጉሙ አልተነቃነቀም። ሳይረኑ በመሃል ትንፋሽ ሲወስድ ከማዶ ምንም ድምፅ አይመጣም፤ የወፍ እንኳ የለም።

ዞራ አየች። ሦስተኛው ጠፍቶ ነበር። ዓይኗን ሳታነሣ አራተኛውን ስታይ፣ እሱም ጠፋ።