አናጢው ያላነሱት ስልክ

አናጢው የማያውቁትን ቁጥር ማንሳት ከተዉ ዓመት አልፏቸዋል። ያኔ አንድ አንደበተ ርቱዕ ሰው ደውሎ ሽልማት ደርሶዎታል ብሎ፣ በመልእክት የገባላቸውን የምስጢር ቁጥር አስነበባቸው። በማግስቱ ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ በእሳቸው ስም «ታምሜ ተኝቻለሁ፣ ድረሱልኝ» የሚል መልእክት ተበተነ። እህታቸው እያለቀሰች ስትመጣ በር ሲልጉ አገኘቻቸው። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ከዚያ ወዲህ ስም የሌለው ጥሪ ሲመጣ ስልኩን ደፍተው ያስቀምጡታል።

አንድ ቀን ጠዋት ግን አንድ ቁጥር አላስቀምጥ አላቸው። አምስት ጊዜ ጠራ፤ አምስቱንም ጊዜ ዛሬስ አታገኙኝም እያሉ ወደ መላጊያቸው ተመለሱ። በስድስተኛው ትዕግሥታቸው አለቀና ልክ ልኩን ሊነግሩት አነሱት።

ደዋይዋ ሴት ናት። ነርስ ነኝ አለች። ልጅዎ ሌሊት ምጥ ይዟት እኛ ጋ ገብታለች፣ ባሏ ለሥራ ሩቅ ነው፣ ስልኳም ታክሲ ውስጥ ቀርቶባት የእርስዎን ቁጥር በቃሏ ነው የነገረችኝ አለቻቸው።

የአናጢው ልብ ለሁለት ተከፈለ። የልጃቸው የመውለጃ ቀን ገና ሦስት ሳምንት ይቀረዋል። አጭበርባሪም ቢሆን የሚገባው በዚሁ በኩል ነው፤ የአባት አንጀት የቱ ጋ እንደሚላላ ያውቃል።

«እኔ አንዴ ተሸውጃለሁ፣ ልጄ» አሏት። «ምን እንድነግርሽ ነው የፈለግሽው?»

«ምንም አይንገሩኝ፣ አባቴ። ካላመኑኝ ይዝጉትና ቀጠሮ ካርዷ ላይ ባለው ቁጥር ራስዎ ይደውሉ።»

ዘጉት። ልጃቸው ለማንኛውም ብላ የካርዱን ፎቶ ቀደም ብላ ልካላቸው ነበር። ግንባራቸው ላይ የሰቀሉትን መነጽር በየኪሳቸው ሲፈልጉ ቆይተው ደወሉ። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ የልጃቸውን ስም ጠይቆ መዝገቡን ያገላብጥ ጀመር። ያቺ ቅጽበት ዓመት ሆነችባቸው። ከዚያ አዎ እዚሁ ናት፣ ላገናኝዎ አላቸው።

የመጣው ድምፅ የደከመ ነው፤ ግን የራሷ የልጃቸው ነው።

«አባባ፣ ተገላግያለሁ፤ ሴት ናት። ሁለታችንም ደህና ነን።»

የእንጨቱ ፍቅፋቂ ላይ ዘጭ አሉ። እፎይ ብለው ተመስገን አሉ። ነርሷን አስቀይሜያት ይሆን ብለው ሲጠይቁ፣ ልጃቸው ሳቀች። ጭራሽ የሁሉም አባት እንዲህ ቢጠነቀቅ ብላ አመስግናሃለች አለቻቸው።

ምን ይዘው እንደሚመጡም ጠየቋት።

«ራስህን» አለች። «ሰጋቱራውን ግን ከፀጉርህ አራግፈህ ና፤ ሕፃኗን ያስላታል።»